የልደት መቶ ሜትር

ታዲዎስን ውሸታም የሚሉት ሰዎች አያውቁትም። ውሸታም ማለት እውነቱን እያወቀ የሚደብቅ ነው፤ ታዲዎስ ግን አብዛኛውን ጊዜ እውነቱን አያውቀውም። ችግሩ ሰው ሲጠይቀው «አላውቅም» ማለት አለመቻሉ ነው። ለእሱ ይህ እንግዳን ከደጅ እንደ መመለስ ያለ ነውር ነው። ኦሎምፒያ ላይ አቁመው ሰምቶት የማያውቀውን ቢሮ ቢጠይቁት፣ እጁን ዘርግቶ፣ የሕንፃውን ቀለም ተናግሮ፣ የዘበኛውን ስም ጨምሮ ያሳያል። የጠየቀው ሰው ሳሪስ ደርሶ ተናዶ ቢመለስ እንኳ «ቸኮልክ እንጂ ደርሰህ ነበር» ይለዋል።

ከካዛንቺስ እስከ ላንቻ ስሙ «ታዲ ጨምሬ» ነው። አንድ ያየውን ሦስት ያደርገዋል፤ በሦስቱ ላይ ደግሞ ምርቃት ይጨምራል። ስምንተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተምሮ ሁለቱንም ጊዜ አልጨረሰውም፤ እሱ ግን ስምንትና ስምንትን ደምሮ «ዐሥራ ስድስተኛ ክፍል ደርሻለሁ» ይላል።

የሚሠራው ሰንበሌጥ ሆቴል ነው፤ ካዛንቺስ፣ ግማሹ ሰፈር ፈርሶ በሰፋው መንገድ ዳር የቀረ ባለ አምስት ፎቅ። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የመዋኛ ገንዳውን ጠብቋል። ቅጠል በባለ ዘንግ መረብ ይለቅማል፣ ክሎሪን ይበትናል፣ ፎጣ ያድላል። ወሬው ከፎጣው ጋር በነጻ ነው።

«ይሄ ገንዳ» ይላል ለአዲስ እንግዳ፣ «ከአዋሽ የመጣ ጉማሬ አርፎበታል። ለፊልም ሥራ ነበር የመጣው። ሦስት ቀን፣ ቁርስ ጨምሮ። ሰላምተኛ ነው፤ ሲወጣ ጉርሻ ሰጥቶኛል።»

ላንጋኖንም በአንድ እጁ ዋኝቶ ተሻግሯል፤ በሌላኛው እጁ ጫማውን ይዞ ነበርና። ይህን ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ከእህቱ ልጅ ከልደት በቀር ማንም የማያውቀው ነገር ቢኖር ታዲዎስ ጭራሽ ዋና አለመቻሉ ነው።

ልደት ስድስት ዓመቷ ሳለ ነው ገንዳውን ያየችው። እናቷ ጀማነሽ፣ የታዲዎስ ታላቅ እህት፣ እዚያው ሆቴል ልብስ ንጽሕና ክፍል ትሠራለች። ልጅቷን የምታስቀምጥበት ስታጣ ወንድሟ ዘንድ ትተዋታለች። ታዲዎስ ባዶ ቢጫ ጀሪካን በገመድ ወገቧ ላይ አሰረላትና ውሃ ውስጥ ለቀቃት። እሱ በገንዳው ጠርዝ የመረቡን ዘንግ ይዞ አብሯት ይራመዳል። እግር አመታቱን ከአንድ ሃንጋሪያዊ መሐንዲስ ሰረቀላት፤ አተነፋፈሱን ከአንዲት ኬንያዊት አስጎብኚ፤ ግድግዳ ላይ ተገልብጦ መመለሱን ከስልክ ቪዲዮ። ሁሉንም እንዳየው፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ ነው ያስተማራት። በሕይወቱ ሳይጨምር የሰጠው ነገር ቢኖር ለዚህች ልጅ የሰጠው ዋና ብቻ ነው። ወይም እሱ እንደዚያ ይመስለው ነበር።

ዐሥራ አንድ ዓመት ሲሆናት ጀሪካኑ ዕቃ ቤት ገባ። በየጠዋቱ፣ እንግዳ ሳይነሳ፣ ሰማንያ ጊዜ ከጫፍ ጫፍ ትዋኛለች። ታዲዎስ በስልኩ ሰዓት ይይዝላታል። እሷም ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስትጨርስ በራሷ እንግሊዝኛ አርባ አንድ ኢሜይል ጽፋ ለአርባ አንድ የውጭ ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኞች ላከች። አርባው ዝም አሉ። አንዷ፣ አሜሪካ ውስጥ ዊስኮንሲን የምትባል ብርዳም አገር ያለች አሰልጣኝ፣ መለሰች።

ልደት መልሱን ገንዳው ዳር ቁጭ ብላ ነው ለአጎቷ የተረጎመችለት።

«‹ውሃ ላይ አተኛኘትሽን በቪዲዮ አይቼ ወድጄዋለሁ። መቶ ሜትር ነጻ ቀዘፋ አንድ ደቂቃ ከስምንት ሰከንድ ግን ለቡድኔ ይዘገያል። ከአንድ ደቂቃ ከአራት በታች ካመጣሽ ሙሉ ስኮላርሺፕ የምሰጥበት አንድ ቦታ አለኝ›» አለች ልደት።

«አራት ሰከንድ ምን አላት» አለ ታዲዎስ። «ማስነጠስ እኮ ነው አራት ሰከንድ።»

«ቆይ ጋሼ፣ አላለቀም። ‹እስከ ወሩ መጨረሻ ያልተቆራረጠ ቪዲዮ ላኪ። ከቪዲዮው ጋር፣ ገንዳው ስንት ሜትር እንደሆነ ቤተሰብሽ ያልሆነ ሰው የመሰከረበት ወረቀት ይኑር።›» ልደት ስልኩን አጠፋችና ግድግዳው ላይ ወዳለው ሰማያዊ ቦርድ ተመለከተች። «እሱ እንኳ ቀላል ነው። ተጽፏል።»

ቦርዱ ላይ «ርዝመት 25 ሜትር» ይላል። ታዲዎስ ቦርዱን አየ፣ ከዚያ ጫማውን አየ።

ያ ቦርድ የተጻፈው የዛሬ ሰባት ዓመት ነው። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ አቶ ሃብተአብ ቦርድ ሊያሠሩ ቀለም ቀቢ አቁመው «ታዲዎስ፣ ገንዳው ስንት ሜትር ነው?» ብለው ጠየቁት። ታዲዎስ ለክቶት አያውቅም። ያን ሰሞን በቴሌቪዥን ስለ ዋና ውድድር ሲወራ አንድ ቁጥር ሰምቶ ነበር፤ ዓይኑን ሳያሽ «ሃያ አምስት» አለ። ቀቢው ቀባ። በቃ። ጉማሬው ሦስት ቀን ሰንብቶ ሄዷል፤ ይህችኛዋ ወሬ ግን ግድግዳ ላይ ቀረች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷ አራት ጊዜ ከጫፍ ጫፍ ስትደርስ «መቶ» ብሎ ሰዓቱን የሚያቆመው እሱ ነው።

ልደት በማግስቱ ጀመረች። እንደ እብድ ዋኘች። በሦስተኛው ቀን ከስምንት ሰከንዱ ግማሽ ሰከንድ ቀነሰች፤ በአምስተኛው ቀን መልሳ ጨመረችው። ከውሃ ስትወጣ ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኖ «ስንት?» ትላለች፤ ታዲዎስ ሲነግራት ፎጣውን ፊቷ ላይ ታደርጋለች። የሚያስለቅሰውም ይህ ነበር፦ ይህን አንዱን ቁጥር በሐቅ ነው የሚነግራት።

ታዲዎስ ሂሳብ ባይሆንለትም ራሱን ያውቃል። «እኔ ምንጊዜም ጨማሪ ነኝ» አለ ለራሱ፣ ባምቢስ ሱፐርማርኬት አጠገብ ቆሞ ማኪያቶው እየቀዘቀዘ። «ሃያ አምስት ካልኩ ሃያ ነው። ከበዛ ሃያ ሁለት። እንግዲያው ልጅቷ መቶ ብላ የምትዋኘው ሰማንያ ነው ማለት ነው። አራት ሰከንድ ሳይሆን ሃያ ሰከንድ ነው የጎደላት።» የመረቡ ዘንግ በየቀኑ በእጁ ነው፤ ሦስት ሜትር መሆኑ ፋብሪካው የለጠፈበት ወረቀት ላይ ተጽፏል፤ ገንዳውን በእሱ መለካት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። አልለካውም። ሰው እንዴት የሰባት ዓመት ውሸቱን ቁጭ ብሎ ይለካል?

ወሩ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ሲቀር ልደት ወረቀት አዘጋጅታ አቶ ሃብተአብ ቢሮ ገባች። ታዲዎስ ፎጣ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። አቶ ሃብተአብ ደግ ሰው ናቸው፣ በተለይ ጉዳዩ ምንም የማያስወጣቸው ከሆነ። ወረቀቱን አነበቡ። ከመሳቢያው ማኅተሙን አወጡ። ክቡን ማኅተም ወደ አፋቸው አስጠግተው «ሃህ» አሉበት፣ እንዲረጥብ። ከዚያ ወረቀቱ ላይ አነጣጠሩ።

የታዲዎስ አንጎል ውስጥ ሁለት ሰው ይከራከር ጀመር። አንዱ «ዝም በል፣ ማኅተም ካረፈበት እውነት ነው» ይላል። ሌላው ምንም አይልም፤ ቢጫ ጀሪካን ይዞ ቆሟል።

«ጌታው፣ ይቆዩ» አለ ታዲዎስ።

ማኅተሙ አየር ላይ ቆመ።

«ቁጥሩ የኔ ነው። ገንዳውን ማንም አልለካውም። ያኔ ሲጠይቁኝ፣ ማለቴ፣ ከአፌ የወጣ ነው።»

አቶ ሃብተአብ ማኅተሙን ቀስ ብለው፣ እንደ እንቁላል፣ መሳቢያ ውስጥ መለሱት። «ብሮሹር ላይ አለ» አሉ። «ሰባት ዓመት ብሮሹር ላይ አለ፣ አንተ ሰው።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲህ ሆቴሉ በዚህ ጉዳይ ወረቀት አይሰጥም። ሃያ አምስትም አልል፣ ሌላም አልል። ሂዱልኝ።»

ልደት ወጥታ በቀጥታ ወደ ልብስ ንጽሕና ክፍሉ ሄደች፤ ካልተጣጠፈ አንሶላ ክምር ላይ ተቀመጠች። ጀማነሽ ካውያዋን አቁማ የልጇን ፊት አየች፣ የወንድሟን ፊት አየች፤ ነገሩን ስትሰማ ካውያውን መልሳ አላነሳችውም።

«ለሰው ሁሉ ዋሽ» አለችው። «ስለ ጉማሬ ዋሽ። ለኔም ዋሽተኸኛል፣ ለምጄዋለሁ። ይህችን ልጅ ግን በየጠዋቱ በዚያ ብርድ እያስነሳህ በሌለ ቁጥር ታለፋታለህ?»

«እትዬ...»

«እትዬ አትበለኝ።»

ልደት ቀና አለች። «ጋሼ፣ አሁን እውነቱን ንገረኝ። ስንት ሜትር ነው?»

«ሃያ... ሃያ ሁለት ይሆናል።»

«አየህ? አሁንም እየገመትክ ነው።» ዓይኗን በአንሶላ ጫፍ ጠረገች። «ሰባት ዓመት የዋኘሁት ምን እንደሆነ አላውቅም ማለት ነው። ወላ ፈጣን ልሁን ወላ ዘገምተኛ፣ ራሴን አላውቀውም። መሸነፌን እንኳ በትክክል ልወቀው። ሜትር ያለው ሰው ጥራልኝ።»

ሜትር ያለው ሰው አንድ ነው፤ ታዲዎስ ደግሞ ከሰው ሁሉ የሚፈራው እሱኑ ነው። አቶ ዋቅቶላ አርባ ዓመት መንገድ የቀየሱ ጡረተኛና የሰፈሩ እድር ዳኛ ናቸው። ቤታቸው ፈርሶ ከከተማው ዳር ገላን ጉራ ቢገቡም እድሩ ግን አልፈረሰም፤ አባሉ በአራቱም ማዕዘን ተበትኖ፣ አሁንም ሰው ሲሞት እዚያው ካዛንቺስ ይሰበሰባል። የሁለቱ ጠብ የቆየ ነው። አንድ ጊዜ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ታዲዎስ «ጋሽ ዋቅቶላ የጅማን መንገድ ቀይሰው ሲመለሱ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ተርፏቸው በሻንጣ ይዘውት መጡ» ብሎ ለቀስተኛውን በሙሉ አስቋል። ሟቹም የሳቀ ይመስል ነበር።

ደወለላቸው።

«ጋሽ ዋቅቶላ፣ ታዲዎስ ነኝ።»

«ማን ሞተ?» አሉ። የእድር ዳኛ ስልክ የሚያነሳው እንዲህ ነው።

«ማንም አልሞተም።»

«አንተ ልጅ፣ በሞት አትቀልድ። ማን ሞተ?»

«ኧረ ሁሉም ደህና ነው። ገንዳ እንዲለኩልኝ ፈልጌ ነው።»

ከኋላ የአውቶቡስ ጥሩምባ ይሰማል።

«ይለካልኝ የምትለው አንተ ነህ?» አሉ አቶ ዋቅቶላ። «አንተ? ታዲዎስ?»

«እኔ ነኝ።»

«ቅዳሜ በጠዋት እመጣለሁ» አሉ። «ይህንንማ ሳላይ አልሞትም።»

ቅዳሜ መጡ። ኮት ለብሰው፣ ከረባት አድርገው፣ በቆዳ ማኅደር ውስጥ የብረት ሜትራቸውን ይዘው። ብቻቸውንም አልመጡም። የእድሩ ጸሐፊ መሐመድአሚን አብሯቸው ነበር፤ ላንቻ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያለው፣ የእድሩን ድንኳንና ገመድ በመጋዘኑ፣ የእድሩን ማኅተም በደረት ኪሱ የሚይዝ ሰው። አቶ ሃብተአብም ድንገት በዚያ በኩል ሥራ ያለባቸው መስለው ጥላው ሥር ቆሙ። ጀማነሽ እጇን አጣምራ መጣች። ልደት የዋና ልብሷን ለብሳ በፎጣ ተጠቅልላለች።

«የሜትሩን ጫፍ አንተ ያዝ» አሉ አቶ ዋቅቶላ ለታዲዎስ። «ዜሮዋን ከግድግዳው አስጠጋ። ዜሮ የምትባለውን ታውቃታለህ? ምንም ያልተጨመረባት ቁጥር ናት።»

ታዲዎስ ተንበርክኮ ያዘ። አቶ ዋቅቶላ ሜትሩን እየለቀቁ በጠርዙ ላይ መሄድ ጀመሩ። «አምስት» ይላሉ፣ «ዐሥር» ይላሉ፣ እንደ ቄስ ድምፃቸውን ሳያፈጥኑ። ዐሥራ አምስት ላይ ታዲዎስ ዓይኑን ጨፈነ። ሃያ ላይ በሆዱ ተሳለ። ከዚያ ድምፁ ጠፋ።

ዓይኑን ሲገልጥ አቶ ዋቅቶላ ቆመዋል። ከፊታቸው ገና ውሃ አለ።

«ሃያ አምስት» አሉ፣ ቀስ ብለው፣ እዚያው ቆመው። ወደ ፊት አዩ። እንደገና ወደ ሜትሩ አዩ። ከዚያ መራመዳቸውን ቀጠሉ፤ አንድ እርምጃ፣ ሁለት እርምጃ፣ ሦስተኛዋ ላይ ጫማቸው የገንዳውን ጫፍ ነካ።

«ሃያ ሰባት ሜትር ከሃያ ሳንቲ ሜትር።»

«ምን?» አለች ልደት።

«ዜሮዋን ይዘሃል?» ብለው ጮሁ አቶ ዋቅቶላ።

«ይዣታለሁ።»

«አንተ ልቀቅ። መሐመድአሚን፣ አንተ ያዝ።»

መሐመድአሚን ያዘ። በወዲያኛው ጠርዝ ለኩ። ሃያ ሰባት ከሃያ። በመካከል ለኩ። ሃያ ሰባት ከሃያ። አቶ ዋቅቶላ ሜትሩን አጥፈው ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ መነጽራቸውን አውልቀው በከረባታቸው ጠረጉ።

«ታዲዎስ» አሉ። «በዕድሜህ አንድ ቀን ቀነስክ።»

ልደት ስልኳን አንስታ ጣቷን እያሯሯጠች ነበር። «መቶ ስምንት ሜትር ከሰማንያ» አለች። «እኔ መቶ እያልኩ የምዋኘው መቶ ስምንት ሜትር ከሰማንያ ነው።» ቆየት ብላ ወደ አጎቷ ዞረች። «ቢሾፍቱ ለትምህርት ቤቶች ውድድር ሄጄ ሃምሳ ሜትር ዋኝቼ፣ የስፖርት አስተማሪያችን በስልኩ ሲይዘው ከዚህኛው በጣም ፈጥኜ ነበር። ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ?»

ታዲዎስ ያስታውሳል።

«‹ቢሾፍቱ ዝቅ ያለ አገር ስለሆነ ውሃው ወደ ታች ይገፋሻል› አልከኝ። እኔም አመንኩህ።»

መጀመሪያ የሳቀችው ጀማነሽ ናት፤ ሳቁ ለእሷም ድንገት ነው የመጣባት። ከዚያ መሐመድአሚን። አቶ ሃብተአብ እንኳ ከጥላው ሥር በአፍንጫቸው ሳቁ። አቶ ዋቅቶላ ግን እርሳስና ብጣሽ ወረቀት አውጥተው በጉልበታቸው ላይ ይደምራሉ።

«በቀን ሰማንያ ጊዜ ነው የምትዋኚው? በዓመት ሦስት መቶ ቀን እንበል። ሰባት ዓመት።» ጻፉ፣ አባዙ፣ ከሥሩ ሰረዝ አሰመሩ። «ሳታውቂው በትርፍ የዋኘሽው ብቻ ሦስት መቶ ስልሳ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ነው። ከዚህ ተነስተሽ ጅማ ገብተሻል፣ ልጄ። በዋና። ጅማ ገብተሽም ተርፎሻል።» ወረቀቱን አጥፈው ወደ ታዲዎስ በዓይናቸው ጥግ ተመለከቱ። «ያቺ ከጅማ የተረፈችኝ ኪሎ ሜትር እዚህ ኖራለች ለካ።»

ታዲዎስ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ወሬ አውርቶ አያውቅም። አንዲት ልጅ ካዛንቺስ ገንዳ ውስጥ ሆና ጅማ ስትገባ። እሱ ቢፈጥረው ኖሮ ማንም አያምነውም ነበር፤ አሁን ግን በአቶ ዋቅቶላ እጅ ጽሑፍ ተጽፏል።

«ሳቁ ይቆየን» አለች ልደት። ፎጣውን ጣለች። «ዛሬውኑ እዋኛለሁ። መቶ ሜትር፣ እውነተኛውን።»

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሦስት ጊዜ ከጫፍ ጫፍ ስትዋኝ ሰማንያ አንድ ሜትር ከስልሳ ይሞላል። አራተኛውን ስትመለስ ዐሥራ ስምንት ሜትር ከአርባ ዋኝታ፣ ግድግዳው ሳትደርስ፣ ውሃው መሐል መጨረስ አለባት። ውሃ መሐል ደግሞ ግድግዳ የለም። መሐመድአሚን ወደ መኪናው ሄዶ የእድሩን የድንኳን ገመድ ይዞ መጣ። አቶ ዋቅቶላ ለክተው ጠርዙ ላይ በጠመኔ አሰመሩ፤ ገመዱን ከአንዱ ጠርዝ መሐመድአሚን፣ ከሌላው ጀማነሽ ወጥረው፣ ሦስተኛውን ስትጨርስ ውሃው ላይ ሊያወርዱት ከፍ አድርገው ያዙት። ስልኩን ይዘው ቪዲዮ እንዲቀርጹ አቶ ሃብተአብ ተለመኑ፤ ሳይግደረደሩ ተቀበሉ።

«ሰዓቱ እኔ ዘንድ ነው» አሉ አቶ ዋቅቶላ። «ለታዲዎስ ሰዓት አይሰጥም።»

«እኔስ ምን ልሁን?» አለ ታዲዎስ።

«እንደ ሁልጊዜው» አለች ልደት። «አጠገቤ ሂድ።»

ዘለለች። ታዲዎስ የመረቡን ዘንግ ይዞ በጠርዙ ሮጠ። ልጅቷ እንደዚያ ስትዋኝ አይቶ አያውቅም፤ ውሃውን እንደ ጨርቅ እየቀደደች ነበር። ሦስተኛውን ተገልብጣ ተመለሰች። ገመዱ ጋ ደረሰች። እና በገመዱ ሥር አልፋ ሄደች። የሰባት ዓመት ልማድ ነው፤ ሰውነቷ ግድግዳውን እንጂ ገመድ የሚባል ነገር አያውቅም። ግድግዳውን ነክታ ቀና ስትል የሁሉም አፍ ተከፍቷል።

«ገመዱን አልነካሽም» አሉ አቶ ዋቅቶላ። «ይህ አይላክም።»

«በእጇ ነክታዋለች፣ እኔ አይቻለሁ...» ብሎ ጀመረ ታዲዎስ።

«ጋሼ» አለች ልደት፣ አቋርጣው።

ሌላ ቀን ይሁን ቢሏት እምቢ አለች። ከሰዓት በኋላና ነገ ገንዳው ለሠርግ ሰዎች ተይዟል፣ ሰኞ አቶ ዋቅቶላ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አላቸው፣ እነዚህን ሁሉ ሰዎች እንደገና ማን ይሰበስብላታል። ሃያ ደቂቃ አርፋ ልትሞክር ተስማሙ። ትከሻዋ ዝሏል፤ የመጀመሪያው ጉልበቷን ወስዶታል። ታዲዎስ ይህን እያየ ድንገት ወደ ዕቃ ቤት ሮጠ። ሲመለስ ቢጫውን ጀሪካን አቅፎ ነበር፤ ዐቧራ ለብሷል፣ የድሮው ገመድ አሁንም አንገቱ ላይ ነው። ከውጥሩ ገመድ መሐል አሰረው። ጀሪካኑ ውሃው ላይ ተንሳፍፎ ተቀመጠ።

«ግድግዳሽ ይሄ ነው» አላት።

ልደት አየችው። አየችውና ፈገግ አለች፣ ከሰባት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ለሁለተኛ ጊዜ ዘለለች። ያችን የመጀመሪያዋን ያህል አልፈጠነችም፤ ይህን ታዲዎስ ከእርምጃው አወቀው፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት አብሯት ተራምዷልና። ሁለተኛው ላይ እግሯ ከበደ። ሦስተኛውን ስትገለበጥ ታዲዎስ ትንፋሹ ተቆርጦ ነበር፤ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ጎኑን ወግቶታል፣ ግን ሮጠ። ልደት በውሃ፣ እሱ በደረቅ። ጀሪካኑ ቀረበ። እጇ ወጣ፣ ረዘመ፣ ቢጫውን በጥፊ መታ። ገመዱ ሲሳብ መሐመድአሚን ከነጫማው አንድ እግሩን ውሃ ውስጥ ከተተ።

አቶ ዋቅቶላ ሰዓቱን ወደ ዓይናቸው አቀረቡ፣ አራቁ፣ እንደገና አቀረቡ።

«አንድ ደቂቃ ከሦስት ሰከንድ፣ ከአንድ ዐሥረኛ።»

ጀማነሽ ገመዱን እንደያዘች ቁጭ አለች። ልደት ጀሪካኑን አቅፋ፣ ጉንጯን ፕላስቲኩ ላይ አስደግፋ፣ እንደ ስድስት ዓመት ልጅ ተንሳፈፈች። ታዲዎስ ፊቱን ወደ ቦርዱ አዙሮ «ርዝመት 25 ሜትር» የሚለውን ደጋግሞ አነበበ፤ ሰው ዓይኑን እንዳያየው።

ወረቀቱን መሐመድአሚን እዚያው የፀሐይ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጻፈው። የእድር ጸሐፊ ነው፣ ከእድር ደብዳቤ የተለየ አያውቅም፦ ቁጥር አለው፣ ቀን አለው፣ «ጉዳዩ፦ የመዋኛ ገንዳ ርዝመትን ማሳወቅን ይመለከታል» ይላል። ሦስት ጊዜ መለካቱን፣ የገመዱን ቦታ፣ የጀሪካኑን ቀለም ሳይቀር ይዘረዝራል። አቶ ዋቅቶላ ፈረሙ። አቶ ሃብተአብ «በግሌ ነው፣ ሆቴሉን አይመለከትም» ብለው ፈረሙ። ታዲዎስ ለምኖ ከሥር በራሱ እጅ ጥቂት ቃል ጨመረ፣ ፈረመበትም። «ቦርዱ ላይ ያለው ቁጥር ስሕተት ነው። ስሕተቱ የኔ የታዲዎስ ነው። ልጅቷ አታውቅም ነበር።»

«አሰልጣኟ እኮ አማርኛ አታነብም» አለች ልደት። «ትርጉሙን እኔ አብሬ እልካለሁ፤ ይህ ሁሉ ለምን?»

መሐመድአሚን ማኅተሙን «ሃህ» ካለበት በኋላ ጫን አድርጎ አሳረፈው፣ ሐምራዊ፣ ጥርት ያለ። «ማኅተም» አላት፣ «አስተርጓሚ አይፈልግም።»

መልሱ በዐሥራ ሁለተኛው ቀን መጣ። ልደት ልብስ ንጽሕና ክፍሉ ውስጥ፣ በካውያው እንፋሎት መሐል፣ እየተረጎመች አነበበችው። አሰልጣኟ ቪዲዮውን አራት ጊዜ አይታዋለች። በዚያ ከፍታ፣ በዚያ አየር እንዲህ የዋኘች ልጅ ዝቅ ወዳለ አገር ስትወርድ ምን እንደምትሆን ለማየት ቸኩላለች። የትምህርት ክፍያ፣ መኝታ፣ ምግብ፣ ሁሉም ሙሉ ነው። ከሥር አጭር ማስታወሻ ነበረች፦ «ሐምራዊ ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ ቢሮዬ ግድግዳ ላይ ሰቅየዋለሁ። ብዙ አሰልጣኞች የተማሪያቸውን ሰዓት ሲያሳምሩ አይቻለሁ፤ ስሕተቱ የኔ ነው ብሎ የፈረመ ግን አላየሁም። ታዲዎስ ማነው? ሰላም በይልኝ።»

ጀማነሽ ካውያውን አስቀመጠችና እልል አለች፤ አንዴ ብቻ፣ ረጅም። ከዚያ ወንድሟን በአንገቱ ይዛ ሳመችው። «እትዬ በለኝ» አለችው።

ታዲዎስ አላስቻለውም፤ ኦሎምፒያ ወረደ፣ ታክሲ ተራው ጋ። «የእህቴ ልጅ ሙሉ ስኮላርሺፕ አገኘች» አላቸው ወያላዎቹን። «በዋና። ጅማ የሚያደርስ ኪሎ ሜትር በትርፍ ዋኝታ። የእድራችን ደብዳቤ አሜሪካ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ የኔ ፊርማ አለበት።»

ወያላዎቹ ተያዩ።

«ታዲ ጨምሬ» አለው አንዱ በሐዘኔታ። «ምን ሆነሃል? ድሮ እኮ የተሻለ ትዋሽ ነበር።»

«አቦ ጉማሬውን ንገረን፣ እሱ ይሻላል» አለ ሌላው።

ታዲዎስ አልተከራከረም። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ቢያምኑትም ባያምኑትም ግድ ሳይሰጠው ደረቱን ነፍቶ ሄደ። በተከታዩ የእድሩ ስብሰባ ላይ አቶ ዋቅቶላ ቆመው «ዛሬ ማንም አልሞተም» ብለው ጀመሩ፣ ነገሩን ከዜሮዋ ጀምረው ተናገሩ። «የለካሁት እኔ ነኝ» ብለው ሲጨርሱ፣ ከገላን ጉራም ከላንቻም የመጣው አባል ቆሞ አጨበጨበ። ታዲዎስ ከኋላ ወንበር ላይ ነበር። ልደት እጁን ይዛ አስነሳችው።

ከመሄዷ በፊት አንድ ነገር አዘዘችው፤ ዋና መማር። በየጠዋቱ ወገቡ ላይ ቢጫ ጀሪካን ታስሮበት ይንቦጫረቃል፤ እሷ ዘንጉን ይዛ በጠርዙ ትራመዳለች። ነሐሴ ላይ ስትሄድ፣ ሃያ ሰባት ሜትር ከሃያውን በአንድ ትንፋሽ ባይሆንም በዘጠኝ ትንፋሽ ይሻገር ነበር።

ቦርዱ ተቀየረ። «27.20 ሜትር» ይላል። አንድ ቀን አዲስ እንግዳ ፎጣ ተቀብሎ ቁጥሩን አየና ወደ ታዲዎስ ዞረ።

«ጥልቀቱስ ስንት ነው?» አለው።

ታዲዎስ አፉን ከፈተ። ቁጥሩ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር፣ ሦስት ሜትር ከምናምን። ዋጠው።

«አላውቅም» አለ። ቃሉ አፉ ውስጥ እንደ አዲስ ጥርስ ነበር። «ያልተለካ ነው። ቅዳሜ ሜትር ያለው ሰው አመጣለሁ።»

እንግዳው ራሱን ነቀነቀና ወደ ውሃው ሊገባ ተነሳ። ታዲዎስ ጥቂት ታገሠ። ከዚያ አላስቻለውም።

«ብቻ» አለው፣ «ጉማሬው ሲቆምበት ከጆሮው በቀር ምንም አይታይም ነበር።»